ሙሽሮቹ፣ ደላላውና የዛገው ፌሮ

ቤት ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታዩት ምንድነው? እውነቱን እንነጋገርና፣ ሴራሚኩን ነው። ቀጥሎ ኪችኑን። ከዚያ ቧንቧውን ከፈት አድርጋችሁ ውሃ መኖር አለመኖሩን። ሽንት ቤቱን አንዴ ትለቃላችሁ። ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጥበቃውን በዘወርዋራ ትጠይቃላችሁ። በቃ! ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ጎንበስ ብሎ የበረንዳውን ሆድ የሚያይ ሰው ግን እምብዛም አይገጥምም። እኔም ራሴ እስከ ዘንድሮ ድረስ ከነዚያው አንዱ ነበርኩ።

ዛሬ የማወጋችሁ የሁለት ወዳጆቼን ነገር ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ "ጻፈው፣ ግን ስማችንን እንዳታነሳ" ብለውኛል። ልጅቷ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ልጁ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ አለው። አራት ዓመት አብረው ቆይተው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ከሠርጉ በፊት ግን ከኪራይ እንገላገል ብለው፣ ከእቁብም ከደመወዝም፣ ጅዳ ከምትሠራው የልጁ እህትም ተሰባስቦ፣ ለአንድ ቤት የሚሆን ገንዘብ ያዙ።

ደላላው አላሳፈራቸውም። ከመሀል ከተማ ብዙም የማይርቅ፣ አራት ፎቅ ያለው የቆየ ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት አገኘላቸው። ዋጋውም ከሌላው ቀነስ ያለ። ቀለሙ ገና አዲስ፣ ሽታው ራሱ ያልለቀቀ። "ዕድላችሁ ነው!" አለ ደላላው። "ነገ ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል ነው፤ ዛሬውኑ ጨርሱ።" ወገን፣ "ነገ ሌላ ሰው ሊከፍል ነው" የማይባልበት ቤት በዚህ ከተማ ውስጥ አለ እንዴ?

ልጅቷ በረንዳውን ስታይ ልቧ ቀለጠ። እዚህ ጋ አበባ፣ እዚያ ጋ ሁለት ወንበር… በሐሳቧ ቡናውን ሁሉ አፍልታ ጨርሳለች።

ቀብዱ ሊከፈል አንድ ቀን ሲቀረው ግን ልጅቷ አጎቷን ይዛ መጣች። አጎትየው ዕድሜ ልካቸውን ግንባታ ላይ የሠሩ፣ በፎርማንነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔም ለወሬ ያህል ተከትዬ ሄጄ ነበር። ጋሼ ሴራሚኩንም ኪችኑንም ዞር ብለው አላዩም። ቀጥ ብለው በረንዳው ላይ ወጡና ወደ ላይ፣ የሦስተኛውን ፎቅ በረንዳ ሆድ አንጋጠው ማየት ጀመሩ። ከዚያ ወደ ደጅ ወረዱና ደግሞ የራሳችንን በረንዳ ከሥር አዩት። ከኪሳቸው ትንሽ መዶሻ አወጡ። መሰላል ተፈልጎ መጣ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ… ጠንካራ ድምፅ። ኳ፣ ኳ… ከዚያ ድንገት፣ ዱብ! እንደ ባዶ ከበሮ።

"ሰማሽ የኔ ልጅ?" አሉ ጋሼ። "እዚህ ጋ ለቋል።"

ጫፉን በመዶሻው ነካ ሲያደርጉት፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል ልስን ከነአዲስ ቀለሙ ዘጭ ብሎ ወደቀ። ከሥሩ ነጭ ጄሶ። ከጄሶው ሥር ደግሞ ቡናማ፣ እንደ ኬክ የተደራረበ ዝገት የለበሰ ፌሮ! ደላላው "እሱ እኮ ትንሽ ነገር ነው፣ ተለስኖ ይቀባል" አለ። ጋሼ ዞር ብለው አዩትና ምንም አላሉም። ዝምታቸው ከስድብ የከፋ ነበር።

አርማታ ለምን ከውስጥ ይፈነዳል?

እኔ ትምህርቴን 12ኛ ክፍል ላይ የቋጨሁ ሰው ነኝ። አርማታ ማለት ለኔ ድንጋይ ማለት ነበር፤ አንዴ ከተሞላ ለዘላለም። ለካስ ሆዱ ውስጥ ሌላ ጉድ አለ። ጋሼ የጀመሩትን ወሬ የጨረሰችልን አንዲት ወጣት ኢንጂነር ናት። የአጎትየው የቀድሞ አለቃ ልጅ ስትሆን፣ ሥራዋ ያረጁ ሕንፃዎችን መመርመር ነው። በሦስተኛው ቀን ዕቃዋን በቦርሳ ይዛ መጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ሲቦካ እጅ እንደሚልጥ ግንበኛ ሁሉ ያውቃል። ይሄ መላጥ ለፌሮው ግን ጥቅም ነው። ኬሚስቶች ፒኤች በሚሉት መለኪያ፣ ጤነኛ አርማታ ከ12 እስከ 13 ይደርሳል። በዚያ ውስጥ የተቀበረ ብረት በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጅና አይዝግም፤ ውሃ ቢነካው እንኳን። ችግሩ አየር ነው። እኔና እናንተ የምናስወጣው፣ መኪናውም ከሰሉም የሚተፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአርማታው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይገባል። የገባበትን ቦታ ያበርደዋል። ፒኤቹ ከ9 በታች ይወርዳል። ይሄ የበረደ ክፍል ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ሚሊ በሚሊ፣ ዓመት በዓመት ይጓዛል። ፌሮው ጋ የደረሰ ዕለት ሽፋኑ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ውሃ ብቻ ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ውሃ አይጠፋም!

ዝገት ከተበላው ብረት ቢያንስ ሁለት እጥፍ፣ ሲብስም እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ዙሪያውን አርማታ ስላለ ወዴት ይሂድ? ይገፋል። አርማታ ደግሞ ሲጫኑት ጎበዝ ነው፤ ሲስቡትና ሲገፉት ግን ሰነፍ። ኢንጂነሯ የነገረችን ነገር እስካሁን ይገርመኛል፤ ከፌሮው ላይ የተበላው የአንድ ጸጉር ውፍረት እንኳን ሳይሞላ አርማታው ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ስንጥቁን ስታዩ ብረቱ ገና ብዙም ያልተጎዳ ሊሆን የሚችለው። ስንጥቁን ለስናችሁ ከደበቃችሁት ግን በጊዜ የደረሰላችሁን ምልክት አፉን ዘጋችሁት ማለት ነው። ጄሶ ደግሞ ጭራሽ! ጄሶ እንደ ሲሚንቶ አይልጥም፣ ስለዚህ ፌሮውን አይጠብቅም። እርጥበት ይዞ ይቀመጣል እንጂ።

ሐምራዊ ውሃና ስኩዌር ሩት

ኢንጂነሯ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ካለው ቢም ጥግ ላይ ልስኑን አነሳችና ትንሽ አርማታ ፈለጠች። አቧራውን ጠርጋ ከአንዲት ጠርሙስ ጥርት ያለ ፈሳሽ ረጨችበት። ፌኖልፍታሊን ይባላል። (ድሮ ይሄው ነገር ለሆድ ድርቀት በኪኒን መልክ ይሰጥ ነበር አሉ! አርማታውን ምን እንደሚያደርገው ለማየት በጉጉት ቆመን ነበር።) ወዲያው የአርማታው የውስጠኛው ክፍል ደማቅ ሐምራዊ ሆነ። ልክ የመስቀል ሰሞን ጨርቅ! ከውጭ በኩል ያለው ግን ቀለሙን ሳይቀይር ግራጫ ሆኖ ቀረ። ሐምራዊው ገና ጤነኛ ነው፤ ግራጫው በርዷል። በማስመሪያ ለካችው። የበረደው 20 ሚሊ። ፌሮው ያለው 30 ሚሊ ላይ።

ሙሽራው ወዲያው "በ25 ዓመት 20 ሚሊ ከሄደ፣ የቀረችውን 10 ሚሊ በ12 ዓመት ተኩል ይጨርሳታላ!" አለ። ሱቅ ስላለው ሒሳብ ላይ ፈጣን ነው። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር።

"አይደለም" አለች ኢንጂነሯ። "እየጠለቀ በሄደ ቁጥር ይዘገያል። መንገዱ ይረዝምበታላ።" የሚሄደው በዓመቱ ልክ ሳይሆን በዓመቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስኩዌር ሩት የሚባል ነገር ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ እጠቀምበታለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም! ግን ቀላል ነው፤ አብረን እንሥራው። የ25 ስኩዌር ሩት 5 ነው። 20 ሚሊን ለ5 ስታካፍሉት 4 ይመጣል። ይቺ 4 የዚህ ሕንፃ አርማታ የፍጥነት ቁጥር ናት። ሲሚንቶው በደንብ የገባበት፣ ውሃ በሥርዓት የጠጣ አርማታ ቁጥሩ ያንሳል፤ ውሃ የበዛበት፣ የተጣደፈ አርማታ ደግሞ ይጨምራል። አሁን ፌሮው ጋ ለመድረስ 30ን ለ4 አካፍሉ፤ 7.5። እሱን በራሱ አባዙት፤ 56 ዓመት ገደማ። ሕንፃው 25 ስለሆነው ገና 31 ዓመት ይቀረዋል። 12 ዓመት ተኩል ሳይሆን!

ሙሽሮቹ ተቃቀፉ። ጋሼ ግን አልሳቁም። "በረንዳውንስ?" አሉ።

በረንዳው ሥር ያ የለቀቀበት ቦታ ላይ ፌሮው የተቀበረው 12 ሚሊ ላይ ብቻ ነበር። ሒሳቡ ያው ነው። 12 ለ4፣ 3። ሦስትን በራሱ ስታባዙት፣ 9። በቃ፣ ዘጠኝ ዓመት! ኢንጂነሯ "እንደ ነገሩ ግምት ነው፤ በረንዳው የራሱ ቁጥር ይኖረዋል" ብላለች፣ ይሁን እንጂ ሕንፃው ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይደፍን እዚያ ቦታ ላይ ፌሮው ጠባቂ አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ 16 ክረምት ዘንቦበታል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከ18 ሚሊ። ከአንድ ጣት ውፍረት!

እዚህ ላይ ጋሼ በቁጭት ተናገሩ። ሶሌታ ሲሞላ ፌሮው ካሳፎርማው ላይ እንዳይተኛ ከሥሩ ትንንሽ የሲሚንቶ ጉርሻ፣ ስፔሰር የሚባል፣ ይደረግለታል። እሱን የሚያወጣው ወጪ ምንም ማለት አይደለም። ግን ሠራተኛው ይረሳል፣ ወይ የተሰበረ ጠጠር ያስገባል፣ ወይ ሰው ሲረማመድበት ይንሸራተታል። "ማን ያየዋል ብለን ስንት ቦታ አልፈናል" አሉ። ስለ ራሳቸውም ጭምር እያወሩ እንደሆነ ገባኝ። አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ይህን ማለት የሚችል ሰው ያከብሩታል እንጂ አይወቅሱትም፤ ቢያንስ እኔ እንዲያ ተሰምቶኛል።

የፌሮውን ሽፋን በግማሽ ከቀነሳችሁት ጊዜው በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ በአራት እጅ ነው። ይቺን ቤት የምታሠሩ ያዙልኝ።

ለነገሩ ይሄ ሁለት ምዕራፍ ያለው ታሪክ መሆኑን በሥርዓት የጻፈው ኪዮስቲ ቱቲ የሚባል ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ በ1982 በስዊድን አገር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ክፉው ነገር ወደ ፌሮው የሚጓዝበት ነው፤ ረጅም ነው፣ ምንም አይታይም። ሁለተኛው ዝገቱ ጀምሮ እስኪሰነጠቅና እስኪወድቅ ያለው ነው፤ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ ሁሉም የሚታየው እዚያ ነው። ለዚህ ነው ሰዎች "ትናንት ደህና ነበር እኮ!" የሚሉት። ትናንትም ደህና አልነበረም።

በነገራችን ላይ የልጁ እህት ይህን ሁሉ በስልክ ሰምታ፣ "እኔ የምሠራበት ቤት ኮርኒስ ከአሥር ዓመት በፊት ነው የተሠራው፣ ፌሮው ግን አፍጥጦ ይታያል" አለች። ጅዳ ባሕር ዳር ናት። እዚያ ጠላቱ ጨው ነው። ጨው አርማታው እስኪበርድ አይጠብቅም፤ ሐምራዊ የሆነውን አልፎ ገብቶ ፌሮውን እንደ መርፌ ይወጋዋል። ያልታጠበ የባሕር አሸዋ ከተቀላቀለበትማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጨው ሆዱ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ስለራቀች ከዚህኛው ተርፈናል። የኛ ጣጣ አየሩና ክረምቱ ነው፤ በጋ ላይ አርማታው ደርቆ አየሩን ያስገባል፣ ክረምት ላይ ዝገቱን ያጠጣል። ማፈራረቅ ነው።

ከታች ያየነው ምልክቱ ነው

ፌሮው ሲጸዳ ኢንጂነሯ በካሊፐር ለካችው። ባለ 10 የነበረው 9 ሚሊ ሆኗል። ሙሽራው "አንድ ሚሊማ ምንም አይደል" አለ። እሷ ግን ወረቀት አወጣች፤ የክብ ነገር ጉልበቱ በስፋቱ ነው። 10 ሲባዛ በ10፣ 100። 9 ሲባዛ በ9፣ 81። ወደ አንድ አምስተኛው ጉልበት ሄዷል! ልጁ ዝም አለ።

ከዚያ ያለችው ነገር ግን ሁላችንንም ከበረንዳው ወደ ሳሎን አስገባን። ከግድግዳ ወጥቶ በአየር ላይ የተንጠለጠለ በረንዳ፣ ከሥሩ ኮለን የሌለው፣ ክብደቱን የሚሸከመው ከሥር ባለው ፌሮ አይደለም። ከላይ ባለው ነው። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ባልዲ ብታንጠለጥሉበት የትከሻችሁ የላይኛው ጅማት እንደሚወጠረው ማለት ነው። የላይኛው ፌሮ ደግሞ ያለው ከሴራሚኩ ሥር ነው፤ ማንም አያየውም። ሶሌታው ሲሞላ ሠራተኛው እየረገጠው ወደ ታች ሊያወርደውም ይችላል፤ ያኔ ገና ሳይዝግ ጉልበቱ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ በረንዳ ሲሄድ ደግሞ እንደ ቤት ውስጥ ጣሪያ ጎብጦ ጎብጦ አያስጠነቅቅም። ድንገት ነው።

ይህን ስትል የቤቱ ባለቤት፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት፣ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። "ልጄ፣ እኔ እኮ ልጆቼ በመጡ ቁጥር እዚህ ላይ ነው ቡና የማፈላው። ስምንት፣ ዘጠኝ ሰው ይቀመጣል" አሉ። ፊታቸው ተለዋወጠ። እማማ ምንም አያውቁም ነበር። ባለፈው ዓመት ከበረንዳው ሥር የወደቀ ቁራጭ ከታች ያለውን የሱቅ ቆርቆሮ መታ፤ ባለ ሱቁ ሲጮህ አንድ ዘመድ ልስን አስለስኖ አስቀባላቸው። ያ "አዲስ ቀለም" ያ ነው።

በእማማ ፈቃድ ሁለት ሴራሚክ ተነሳ። ግድግዳው ሥር፣ ውሃ መውረጃው አጠገብ፣ ማያያዣው ተሰነጣጥቆ ውሃ እየገባ ነበር። ኢንጂነሯ አንድ ሽቦ ከፌሮው ጋር አገናኘች፤ በሌላኛው ጫፍ ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውሃ ያለበትን መለኪያ አርማታው ላይ እያስነካች ቁጥር አነበበች። ከዜሮ በታች 200 ሚሊቮልት ሳይደርስ ከቀረ ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ዕድል ዝገት የለም ነው። ከ350 ካለፈ ደግሞ ከመቶ ከዘጠና በላይ ዝገት እየሠራ ነው። መሀሉ ግራ የሚያጋባ ነው። የበረንዳው ጫፍ 180 አካባቢ ነበር። ውሃ መውረጃው ጋ፣ ከዜሮ በታች 410!

ልጅቷ ቀስ ብላ ጠየቀች። "ታዲያ ስንት ዓመት ይቆያል?"

"ቀን ቆርጬ ብነግርሽ ዋሽቼሻለሁ" አለች ኢንጂነሯ። "እዚያች ጥግ ላይ ዝገቱ ጀምሯል። ውሃው ከቆመ በጣም ይዘገያል፤ በየክረምቱ ከጠጣ ይፈጥናል። በሦስት ክረምት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በአሥርም ሊሆን ይችላል። እኔ የምነግርሽ ከዚህ እስከዚህ የሚል ነው። እስከዚያ ግን ዘጠኝ ሰው አትሰብስቡበት።" በዚያው ዕለት በረንዳው ተዘጋ፤ ከሥሩም የባሕር ዛፍ ድጋፍ ገባ።

መልስ አልሰጠችም ብሎ ሙሽራው ትንሽ ቅር ብሎት ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አርማታ፣ ፌሮ፣ ካሳፎርማ፣ ሶሌታ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። እዚያው ጣሊያን አገር፣ ጄኖቫ ከተማ ውስጥ፣ ሪካርዶ ሞራንዲ የሚባል ስመ ጥር መሐንዲስ የነደፈው ትልቅ ድልድይ እ.ኤ.አ በ1967 ተመረቀ። ድልድዩን አንጠልጥለው የያዙት የብረት ገመዶች በአርማታ ተሸፍነው ነበር፤ ዝገት እንዳይነካቸው ተብሎ። ሰውየው ራሱ እ.ኤ.አ በ1979 የባሕሩ አየርና የፋብሪካ ጭስ ሥራውን እየበላው እንደሆነ ጽፎ፣ ዝገቱ እንዲጸዳና እንዲሸፈን መከረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንደኛው ምሰሶ ተጨማሪ ገመድ ተደረገለት። ሌላው አልተደረገለትም። ያ ያልተደረገለት ነሐሴ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ዝናብ እየዘነበ ወደቀ፤ 43 ሰዎች ሞቱ። በአርማታው ውስጥ የነበሩት ገመዶች ዝገዋል። ሞራንዲም ቢሆን ቀኑን አልተናገረም፤ መጠገን እንዳለበት ግን 39 ዓመት አስቀድሞ ተናግሯል።

እና ገዙት?

ይሄን እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ተከራከሩ። ልጁ "እንተወው፣ ሌላ እንፈልግ" አለ። ልጅቷ ግን የሳሎኑን ሐምራዊ ቀለም አልረሳችም። "ሌላው ቤት ውስጡ እንዴት እንደሆነ በምን አወቅህ? የዚህን ቢያንስ እናውቀዋለን!" አለች። እኔ የሷ ሐሳብ ይበልጥብኛል። ከተደበቀ ደህና የሚመስል፣ የታወቀ በሽተኛ ይሻላል። በተለይ ሒሳቡ ከተሠራ።

እማማም ሐቀኛ ሴት ናቸው። የጥገናውን ግምት ኢንጂነሯ ጻፈች፤ በሽማግሌ ፊት ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። ደላላው ኮሚሽኑ ስለቀነሰበት አኩርፎ ነበር፣ ኋላ ግን ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም "እቺን መዶሻ እኔም ልግዛ" ብሎ አሳቀን። ጥገናው እንደ ልስን ቀላል አልነበረም። አርማታው ከፌሮው ጀርባ ድረስ ተፈልፍሎ ወጣ፣ ብረቱ እስኪያበራ ተፋቀ፣ የሳሳው አዲስ ፌሮ ተጨመረለት፣ በሲሚንቶ መጠገኛ ተሞላ፣ ከላይ ውሃ መከላከያ ተደረገ። መጨረሻ ላይ ሴራሚክ።

እናንተም ቤት ልታዩ ስትሄዱ ኢንጂነር ከሌላችሁ፣ ቢያንስ ዓይንና መዶሻ ይኑራችሁ። ልስን ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል ቀጭን ስንጥቅ ብዙም አያስፈራም። ቀጥ ብሎ፣ ፌሮው በሄደበት ልክ የሚሄድ፣ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ስንጥቅ ግን ጥሩ አይደለም። ቡናማ እድፍ ካለበት ባሰ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ ጠይቁ። የሽንት ቤቱን ሥር፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ የተቀመጠበትን ሥር እዩ። "ነገ ፎቅ እንጨምራለን" ተብለው ጣሪያ ላይ የቆሙ ፌሮዎች በሲሚንቶ ውሃ ካልተቀቡ ወይ በስስ አርማታ ካልተሸፈኑ፣ ያ የነገው ፎቅ ከዛሬ ጀምሮ እየተበላ ነው። ሻጭ "አይነካም" ካለ ደግሞ፣ እኔ በበኩሌ ቀብዴን ኪሴ ውስጥ እመልሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። በዚያ ሕንፃ ላይ በረንዳዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ የሞላቸው አንድ ተቋራጭ፣ ፌሮውን ያሰሩት አንድ ዓይነት እጆች። የኛ እንዲህ ከሆነ የላይኞቹስ? ልጅቷ የሕንፃውን ነዋሪዎች ሰብስባ የኢንጂነሯን ወረቀት አነበበችላቸው። አንደኛ ፎቅ ያሉት ወዲያው ተስማሙ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ "ይሄ ወሬ ከወጣ የቤታችን ዋጋ ይወድቃል፣ ዝም በሉ" አለች። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በየወሩ የሚዋጣ ገንዘብ ተቆረጠ፤ መጀመሪያ የሚጠገነው ማን እንደሆነም ዕጣ ወጣ።

ሠርጉ በጥር አማረ፤ እኔም ጠጥቼ ጨፍሬያለሁ። ባለፈው እሑድ ሄጄ በአዲሱ በረንዳ ላይ ቡና ጠጣን፣ እማማም ተጋብዘው ነበር። ቀና ስንል የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ፣ በዕጣው መጨረሻ የደረሰው፣ ከባድ ብርድ ልብሱን አጥቦ በበረንዳው ላይ ሲያሰጣ አየነው። ልጅቷ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለችለት።